ከወሬው በፊት ቀኑን ንገሩን፦ ለክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወናዎች የደህንነት ቡድኖች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወናዎች የደህንነት ቡድኖች፣ ለሊኑክስ ዲስትሪቢዩሽን አዘጋጆች፣ እንዲሁም የደህንነት ክፍተቶች ይፋ የሚሆኑበትን ቀን ከእነርሱ ጋር ለምትወስኑ የፕሮሰሰር አምራቾች

ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ስላልተገለጹ የደህንነት ክፍተቶች የሚናፈሰው ወሬ ከእናንተ መረጃ ቀድሞ የሚደርሰን ስለመሆኑ የቀረበ አቤቱታ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች በሚገኙ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራትና አነስተኛ ድርጅቶች ውስጥ ሊኑክስና ቢ.ኤስ.ዲ. በተባሉት፣ ኮዳቸው ለማንም ክፍት በሆነ ስርዓተ ክወናዎች የሚሠሩ ሰርቨሮችን የምናስተዳድር ባለሙያዎች ነን። አብዛኞቻችን በየመሥሪያ ቤታችን ብቻችንን ነን፤ ሰርቨሩን የሚተክለውም፣ የሚጠግነውም፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠራውም ያው አንድ ሰው ነው። ደብዳቤው ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ የሚላክላችሁ ሲሆን፣ አስቀድመን በአማርኛ የጻፍነው በስማቸው የምንናገርላቸው ባልደረቦቻችን እያንዳንዱን ቃል አንብበው እንዲያርሙን ነው።

አቤቱታችን ሶፍትዌራችሁ ስሕተት ስላለበት አይደለም። ስሕተት የሌለበት ሶፍትዌር አይተን አናውቅም። በእናንተ ዘንድ ኢምባርጎ የሚባለውን፣ አንድ ክፍተት ከተገኘ በኋላ ማሻሻያው እስኪዘጋጅ ድረስ ዝርዝሩ ለጥቂቶች ብቻ የሚነገርበትን የዝምታ ጊዜም አንቃወምም፤ መዝጊያው ሳይሠራ ቁልፉ መሰበሩን በአደባባይ ማወጅ የሚጠቅመው ሌባን ነው። የምንቃወመው ዝምታው ሲሸራረፍና ወሬው በየአቅጣጫው መናፈስ ሲጀምር፣ ወሬው እውነት ነው ወይም አይደለም፣ ጠብቁ ወይም አትጨነቁ ብሎ በኃላፊነት የሚናገር አካል አለመኖሩን ነው። በዚያ መልስ የሌለበት ጊዜ ውስጥ የምንኖረው እኛ ነን።

በቅርብ ያገኘንን እናስቀድም። በሴፕቴምበር 23 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ሲሞኔ ማርጋሪተሊ የተባለ ጣሊያናዊ የደህንነት ተመራማሪ ሁሉንም የጂ.ኤን.ዩ./ሊኑክስ ስርዓቶች የሚነካ፣ ያለ ምንም የይለፍ ቃል ከርቀት ትእዛዝ ለማስፈጸም የሚያስችል ክፍተት ማግኘቱንና ዝርዝሩም ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይፋ እንደሚሆን በማኅበራዊ ሚዲያ ገለጸ። የክብደት ነጥቡ ከ10 ላይ 9.9 መሆኑም አብሮ ተሰማ። የፕሮግራሙ ስም አልተጠቀሰም፤ የትኛው የኔትወርክ በር (መግቢያ) መዘጋት እንዳለበትም አልተነገረም። በእጃችን የነበረው «ሁሉንም» የምትለው ቃልና ያች ቁጥር ብቻ ነበሩ፤ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ተመሥርተን መወሰን ነበረብን። አንዳንዶቻችን ሰርቨርን ከርቀት የምንቆጣጠርበት ኤስ.ኤስ.ኤች. ነው ብለን ገመትን፣ ሌሎች የከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ የኔትወርክ ክፍል ነው አሉ፤ ሁላችንም ተሳስተን ነበር።

ከእኛ መካከል በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚሠራው ባልደረባችን ሐሙስ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ሰርቨሩን ጨርሶ ከኢንተርኔት አላቀቀው። ዕለቱ ደመራ ነበር። ለበዓሉ ገንዘብ ሊያወጡ የተሰለፉት አባላት ሒሳብ በወረቀት ተሠርቶ፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኞች ከበዓሉ በኋላ ለሁለት ቀን ደረሰኝ ሲያመሳክሩ ሰነበቱ። ሌላው ባልደረባችን በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከቤቱ ሆኖ ሰርቨሩን የሚቆጣጠርበትን የርቀት መግቢያ በጥንቃቄ ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ አመሻሹ ላይ የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ የላቦራቶሪው ፕሮግራም ሲቆም ግን ራሱ የዘጋው በር ራሱን ከለከለው። በመስቀል አደባባይ ዙሪያ ያሉት መንገዶች ለደመራው ተዘግተው ስለነበር በሕዝቡ መካከል በእግሩ ተጉዞ ደረሰ። ይህን የምንጽፈው እንዲታዘንልን አይደለም። ሁለቱም ያደረጉት በእጃቸው በነበረው መረጃ ልክ ትክክለኛው እርምጃ ነበር፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» በሚባልበት ሀገር ያደገ ሰው 9.9 ሰምቶ ዝም ብሎ አይተኛም።

በዚያው ሌሊት መረጃው አስቀድሞ አፈትልኮ ስለነበር ዝርዝሩ ከታሰበው ቀን በፊት ወጣ። ጉዳዩ የማተሚያ አገልግሎት ነበር፤ ካፕስ የተባለው የማተሚያ ስርዓት አካል የሆነውና ካፕስ-ብራውዝድ የሚባለው ፕሮግራም በዩ.ዲ.ፒ. 631 ቁጥር በር ላይ ከየትም የመጣን መልእክት አምኖ ስለሚቀበል፣ አጥቂው ሐሰተኛ ፕሪንተር ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ትእዛዙ የሚፈጸመው ግን አንድ ሰው ወደዚያ ፕሪንተር አንድ ነገር ለማተም ሲልክ ብቻ ነው። ክፍተቱ እውነተኛና አሳሳቢ ነበር። በአብዛኞቹ ሰርቨሮቻችን ላይ ግን ፕሮግራሙ አልተጫነም፤ በተጫነባቸው ላይም አገልግሎቱን በአንድ መስመር ትእዛዝ ማስቆም ይበቃ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ማተሚያ» የምትለው ቃል ብቻዋን ለሰርጎ ገቦች በቂ ፍንጭ ትሆን ነበር እንደምትሉ እንገምታለን፤ ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ነገር ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ታውቁ ከነበራችሁት አንዳችሁ «ሁሉንም የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም፤ በመደበኛ የሰርቨር ተከላ ላይ አይሠራም» ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ የሚያጋልጠው ምን ነበር? ወሬውን ለማስተባበል የክፍተቱን ምስጢር ማውጣት አያስፈልግም ነበር።

ሁለተኛው አቤቱታችን ዝምታው የሚከፋፈልበትን መንገድ ይመለከታል። ሜልትዳውንና ስፔክተር በተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ፕሮጀክት ዜሮ የተባለው የጉግል የደህንነት ቡድን ተመራማሪዎች ስፔክተርን ለፕሮሰሰር ኩባንያዎቹ ለኢንቴል፣ ለኤ.ኤም.ዲ.ና ለኤ.አር.ኤም. ያሳወቁት በጁን 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ነበር። ይፋ እንዲሆን የተያዘው ቀን ደግሞ ጃንዋሪ 9 ቀን 2018 ነበር። በመካከሉ ባሉት ከሰባት ወር በላይ በሆኑት ቀናት ትልልቆቹ የክላውድ ኩባንያዎች መከላከያቸውን ሲያዘጋጁ፣ ከቢ.ኤስ.ዲ. ስርዓቶች አንዱ የሆነው ፍሪ.ቢ.ኤስ.ዲ. የሰማው በዲሴምበር መጨረሻ ላይ ነበር፤ ሌላው፣ ኦፕን.ቢ.ኤስ.ዲ.፣ ደግሞ ጭራሽ አልተነገረውም። የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒዩተር አደጋ ምላሽ ማዕከል እንኳ የሰማው ከሕዝብ ጋር እኩል እንደሆነ ኩባንያዎቹ ለሀገሪቱ ኮንግረስ በጻፉት መልስ አምነዋል።

ምስጢሩ የወጣበትን መንገድ ልብ በሉልን። በኦስትሪያ የግራዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካይዘር ብለው የሰየሙት፣ የከርነልን ማኅደረ ትውስታ ከተጠቃሚ ፕሮግራሞች የሚነጥል ማሻሻያ በ2017 መጨረሻ ላይ ባልተለመደ ጥድፊያ ወደ ሊኑክስ ከርነል ሲገባ ሁሉም በግልጽ እያየ ነበር፤ ክፍት ምንጭ ነውና። ፍጥነት የሚቀንስ ለውጥ ያለ በቂ ማብራሪያ እንዲህ ሲጣደፍ ያየ ሰው መጠርጠሩ አይቀርም። በዲሴምበር 26 አንድ የኤ.ኤም.ዲ. መሐንዲስ የእነርሱ ፕሮሰሰሮች ይህ መከላከያ እንደማያስፈልጋቸው ሲጽፍ ምክንያቱንም አብሮ ጠቀሰ፤ ማንበብ ለሚያውቅ ሰው ግማሹ ምስጢር እዚያ ላይ አለቀ። ወሬው በጃንዋሪ 2 በዜና ድረ ገጽ ላይ ወጣ፤ በማግሥቱ፣ ከተያዘው ቀን ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሁሉም ነገር ይፋ ሆነ።

በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን ታኅሣሥ 25 ነበር፤ ገና ሊከበር አራት ቀን ቀርቶታል። ማሻሻያው ለብዙዎቻችን ገና አልደረሰም፤ በደረሰበትም ቦታ ነገሩ በዚያ አላበቃም። ኡቡንቱ 16.04 የተባለው የሊኑክስ ዕትም የመጀመሪያው የማሻሻያ ከርነል፣ 4.4.0-108 የተባለው፣ አንዳንድ ማሽኖች እንዳይነሡ በማድረጉ ወዲያው በ4.4.0-109 ተተካ። ኢንቴልም ያወጣው የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ፕሮግራም) ማሻሻያ ኮምፒዩተሮችን ሳይጠበቅ እንደገና እያስነሣ በመሆኑ በጃንዋሪ 22 መጫኑ እንዲቆም መከረ። ከሰባት ወር በላይ የተዘጋጁት ኩባንያዎች እንኳ የተንገዳገዱበትን ነገር፣ በአንድ ሌሊት እንድንጨርሰው የተጠየቅነው እኛ ነበርን፤ መብራት በሚጠፋበት፣ ሰርቨርን ሪስታርት ማድረግ ራሱ ጸሎት በሚያስፈልገው ቦታ።

ሦስተኛ፣ ከዝምታው ውጭ የተደረገ ሰው ገማች ይሆናል፤ ጥሩ ገማች ከሆነ ደግሞ ዝምታችሁን ያፈርሰዋል። በጁን 2018 የኦፕን.ቢ.ኤስ.ዲ. መሪ ቴዎ ደ ራት በኦታዋ በተካሄደ ስብሰባ ላይ፣ ስለ ኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወሬ መስማታቸውን፣ በይፋ የነገራቸው እንደሌለ፣ በግምት ተነሥተውም ፕሮሰሰሩ የአስርዮሽ ስሌቶችን የሚይዝባቸው መዝገቦች ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲታለፍ የሚቀያየሩበትን አሠራር እየለወጡ መሆናቸውን ተናገረ። ንግግሩን የሰማ የፍሪ.ቢ.ኤስ.ዲ. ባለሙያ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚሠራ የማጥቂያ ፕሮግራም መጻፍ በመቻሉ፣ የክፍተቱ መገለጫ ቀን ወደ ጁን 13 ተሳበ። ከስድስት ቀን በኋላ ያው ኦፕን.ቢ.ኤስ.ዲ. በጥርጣሬ ብቻ ሃይፐርትሬዲንግ የተባለውን፣ አንድ የፕሮሰሰር እምብርት ሁለት ሥራ ጎን ለጎን እንዲሠራ የሚያደርገውን አሠራር በራሱ ስርዓት ላይ አጠፋው፤ በኦገስት 14 ፎርሻዶው የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ክፍተት ይፋ ሲሆን ብዙዎች ወደዚያው ምክር መጡ። እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምናደንቀውም የምንወቅሰውም የለንም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ምስጢሩን የማያውቅ ሰው ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ በግማሽ ቀን ሊደርስበት ከቻለ፣ ዝምታው ማንን ከማን እየጠበቀ ነበር?

ተመሳሳይ ነገር በ2014 ሴፕቴምበር መጨረሻ አይተናል። የአማዞን የክላውድ አገልግሎት የደንበኞቹን ሰርቨሮች ምክንያቱን ሳይዘረዝር ሪስታርት ማድረግ ሲጀምር፣ ሪስታርቱ ራሱ ወሬ ሆነ፤ በዚያው ሰሞን ሼልሾክ የተባለው የባሽ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ክፍተት ገና መገለጡ ስለነበር ሰው ሁለቱን አደባለቀ። ምክንያቱ አንዱን ማሽን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያካፍለው የዜን ሃይፐርቫይዘር ክፍተት መሆኑ የታወቀው በኦክቶበር 1 ነበር። ለዜን ፕሮጀክት ፍትሐዊ እንሁን፤ ቅድመ መረጃ ለማን በምን መስፈርት እንደሚሰጥ ደንቡን ከነስም ዝርዝሩ በይፋ አስቀምጧል። ከብዙዎቻችሁ ይህን አላየንም።

አራተኛው ጉዳይ ከክፍተትም የከፋ ነው፤ የጓሮ በር፣ ማለትም ሆን ተብሎ በኮድ ውስጥ የተደበቀ መግቢያ፣ ወሬ። በዲሴምበር 2010 ቴዎ ደ ራት አንድ የደረሰውን ደብዳቤ ለሕዝብ አወጣው፤ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ከአሥር ዓመት በፊት በኦፕን.ቢ.ኤስ.ዲ. የአይ.ፒ.ሴክ (የኔትወርክ ግንኙነትን የሚመሰጥር) ኮድ ውስጥ የጓሮ በር አስገብቷል የሚል ክስ ነበር። ደብዳቤውን አለመደበቁ ትክክል ነበር እንላለን። ኮዱ ተፈተሸ፤ ጥቂት ስሕተቶች ተገኙ፣ የጓሮ በር ግን አልተገኘም። ይሁንና ክሱን ያወራ ሁሉ የምርመራውን ውጤት አላወራም፤ ወሬው ዛሬም በሕይወት አለ። በ2013 ደግሞ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የጓሮ በር እንዲያስገባ መንግሥት ጠይቆት እንደሆነ በመድረክ ሲጠየቅ፣ በአፉ «አይ» እያለ ጭንቅላቱን «አዎ» ብሎ ነቀነቀ። አዳራሹ ሳቀ። እኛ ግን ቀልዱን ለአለቆቻችን የማስረዳት ዕዳ ተረፈን።

ቀልድ ያልሆነው በማርች 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. መጣ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኤስ.ኤስ.ኤች. ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል የዘገየበትን ምክንያት ሲመረምር፣ በኤክስ.ዜድ. የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 ዕትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። ያስገባው ጂያ ታን በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እየሠራ አመኔታ ያተረፈ ሰው፣ ወይም ቡድን፣ ነበር። የዝምታው ጊዜ በጣም አጭር ነበር፤ ማስታወቂያው የትኛው ዕትም እንደተበከለና ምን መደረግ እንዳለበት በግልጽ ይናገር ስለነበር እኛም በአንድ ሌሊት ፈትሸን የተበከለው ዕትም በረጉ የሰርቨር ዕትሞቻችን ውስጥ አለመኖሩን አረጋግጠን ተኛን። ሲፈለግ እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

ግን ከዚያ በኋላ ያለውንም ስሙ። ከእኛ አንዷ ባልደረባ የምትሠራበት ድርጅት ኃላፊ «ይህ ያንቺ ነፃ ሶፍትዌር የጓሮ በር እንደሌለው በጽሑፍ አረጋግጪልኝ፤ ካልሆነ ወደ ዊንዶውስ እንመለሳለን» አሏት። ዊንዶውስ ያሉት ያለ ፈቃድ የተቀዳውን መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር። እርሷ ምን ልትጽፍ ትችላለች? በየዓመቱ ስለሚነሡት የጓሮ በር ክሶች፣ የትኛው ተመርምሮ ውድቅ እንደሆነ፣ የትኛው እንደተረጋገጠ፣ የትኛው ገና እንዳልታየ በአንድ ስፍራ የሚናገር፣ እናንተ የፈረማችሁበት ሰነድ የለም።

አምስተኛውን በአጭሩ እናልፋለን። የሊኑክስ ከርነል ለረጅም ዘመን የደህንነት ጥገናዎችን ከሌሎች ጥገናዎች ሳይለይ በዝምታ ያስገባ ነበር። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ ራሱ የሲ.ቪ.ኢ. (የደህንነት ክፍተት መለያ) ቁጥር ሰጪ ሆኖ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮችን ያለ ክብደት ነጥብ ያወጣል። ድሮ ድርቅ ነበር፤ ዛሬ ጎርፍ ነው፤ በሁለቱም ዘመን ብቻውን የሚሠራው አስተዳዳሪ ዛሬ ማታ ሪስታርት ላድርግ ወይስ እስከ ቅዳሜ ልጠብቅ የሚለውን የሚወስነው ከወሬ ተነሥቶ ነው።

የምንጠይቀው አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በኦክቶበር 25 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚመሰጥር ሶፍትዌር የሚያዘጋጀው የኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. ፕሮጀክት አጭር ማስታወቂያ አወጣ፤ 3.0.7 ዕትም በኖቬምበር 1 እንደሚወጣ፣ እጅግ ከባድ የሚባል የደህንነት ጥገና እንደያዘ፣ የሚወጣበትንም የሰዓት ክልል ተናገረ፤ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ስለ ክፍተቱ ምንነት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በዚያ አንድ ሳምንት ውስጥ የትኞቹ ማሽኖቻችን 3.0 እንደሚጠቀሙ ለየን፤ አብዛኞቹ በ1.1.1 ላይ ስለነበሩ እንደማይመለከታቸው አወቅን፤ ለቀሩት ተረኛ መደብን፣ የሥራ መቋረጥ ሊኖር እንደሚችል ለአለቆቻችን አስቀድመን ነገርን። ቀኑ ሲደርስ የክብደት ደረጃው ከተባለው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ በዚህም ፕሮጀክቱን አለአግባብ አስፈራርቶናል ብለው የወቀሱት ነበሩ። እኛ ከወቃሾቹ ጋር አይደለንም። ያ ሳምንት በሥራ ዘመናችን ስለ አንድ ያልተገለጸ ክፍተት እየሰማን እንቅልፍ ያላጣንበት ብቸኛው ሳምንት ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የዝምታ ጊዜ የተያዘለት ከባድ ክፍተት ሲኖር፣ ይፋ ከሚሆንበት ቢያንስ አምስት የሥራ ቀናት አስቀድሞ ቀኑ፣ የሰዓት ክልሉና የሚነካቸው ዕትሞች ይነገሩ። የክፍተቱን ምንነት አንጠይቅም።

ወሬ አስቀድሞ ከወጣ፣ ጉዳዩን ከምታውቁት ቡድኖች አንዱ በ24 ሰዓት ውስጥ በስሙ መልስ ይስጥ። መልሱ «ጉዳዩ አለ፣ እስከዚህ ቀን ጠብቁ»፣ ወይም «የተባለው ተጋንኗል»፣ ወይም «ስለዚህ የምናውቀው የለም» ቢሆን ይበቃናል። ጊዜያዊ መከላከያ ካለ፣ አንድ አገልግሎት ማስቆም ወይም አንድ በር መዝጋት ቢሆን እንኳ፣ ከማሻሻያው ጋር ሳይሆን ከማሻሻያው በፊት ይነገረን።

ቅድመ መረጃ የሚሰጥባቸው መስፈርቶችና የተቀባዮቹ ዝርዝር ዜን እንዳደረገው በይፋ ይቀመጡ፤ ሰባት ወር የሚፈጅ ምስጢር ሲኖርም ገንዘብና ጠበቃ የሌላቸው የስርዓተ ክወና ፕሮጀክቶች ከመጨረሻው ሳምንት በፊት ይካተቱ። ዝምታው ሲያበቃ ማን በየትኛው ቀን እንደተነገረው የሚያሳይ የቀናት ዝርዝር አብሮ ይውጣ።

የጓሮ በር ክስ በይፋ ሲቀርብ የምርመራው ውጤት፣ ምንም አልተገኘም ቢሆንም፣ በቡድኑ ስም ተጽፎ በቋሚነት ይቀመጥ። ባልደረባችን ለኃላፊዋ የምታሳየው ወረቀት ያስፈልጋታል።

ብዙዎቻችሁ ያለ ክፍያ እንደምትሠሩ፣ የኤክስ.ዜድ. ኮድ ተንከባካቢም በድካሙና በብቸኝነቱ እንደተጠቃ እናውቃለን። ስለዚህ ማስታወቂያዎቻችሁን ወደ አማርኛ የመተርጎምና ለሀገራችን ባለሙያዎች የማድረሱን ሥራ እኛው እንወስዳለን፤ ከእናንተ የምንፈልገው የሚተረጎመውን ጽሑፍ በጊዜው ነው። መልሳችሁን እስከሚቀጥለው ትልቅ የዕትም መውጫችሁ ድረስ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአነስተኛ ተቋማት የሊኑክስና የቢ.ኤስ.ዲ. ሰርቨሮችን በሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ስም
የአንድ ትምህርት ቤት የሲስተም አስተዳዳሪ
አዲስ አበባ